በቅሎዋን በወዲያኛው ጎን ማን ያዘ?

ደባርቅ ላይ ገመድ፣ ድንኳን፣ ፍራሽና ለተራራ መንገደኛ የሚሆን ስንቅ እሸጣለሁ። የዋልሁበትን በደብተር መጻፍ ልማዴ ነው። ከአክስቴ ልጅ ከስሜነህ ጋር የተጻጻፍነውን ሁሉ እዚሁ ገልብጫለሁ፤ በደብዳቤው ላይ ያላልሁትንም ከሥሩ ጽፌዋለሁ።
ማንያዘዋል ደምለው

*

ማልሞ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለማንያዘዋል ደምለው፣

ሰላምህ ብዙ ይሁን። ዝናሽ ደኅና ናት? የመድኃኔዓለም ቸርነት ከደጃችሁ አይራቅ። ጭቃው ደርቆ እንግዳ ወደ ተራራው መውጣት ጀምሮ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። እዚህ ብርዱ ገብቷል፤ የሳንቃ በርን ጠዋት ለሚያውቅ ሰው ግን ስለ ብርድ ማውራት ያሳፍራል።

ይህን ደብዳቤ ከነላፕቶፑ የሚያደርስልህ እንግዶች ይዞ የሚመጣ አስጎብኚ ነው። ላፕቶፑ የአንተ ነው። ውስጡ አንድ ጌም አለ፤ ስሙ «የጉም በር» ይባላል። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ሦስት ዓመት የለፋንበት ነው። ኩባንያ የለንም፤ ሦስት ሰውና አንድ ክፍል ነን። አጭር ነው፤ በአራት ሰዓት ያልቃል። ተጫዋቹ ነጋዴ ሆኖ በቅሎ ጭኖ ጉም የዋጠው ተራራ ላይ ይወጣል። ሰይፍ የለውም። ከመናፍስቱ ጋር የሚግባባው በመለዋወጥ ነው፤ ጨው ሰጥቶ መንገድ ይቀበላል፣ ማር ሰጥቶ ብርሃን። ተራራው የእኛ ነው። ጅብራውን፣ ጓሳውን፣ ገደሉን ስታየው ታውቀዋለህ።

ወንድም ዓለም፣ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ውድድር እናስገባዋለን። ከዚያ በፊት ተጫወተውና ጥንካሬውንም ድክመቱንም ሳትደብቅ ጻፍልኝ። እዚህ ያሉት ሥዕሉን ያያሉ እንጂ አገሩን አያውቁትም። ከሁሉ በላይ አጫጫኑን ተመልከትልኝ። አጎቴ ደምለው በቅሎ ሲጭን ያየሁትን አስቤ ነው የሠራሁት፤ ግን ዐሥራ አምስት ዓመት ሆነኝ፣ እጄ ረስቷል። አንተ ልክ ነው ካልኸኝ ልክ ነው።

ባልተያየንበት ዘመን ሁሉ የጠበቀን አምላክ አሁንም ይጠብቃችሁ።
ስሜነህ

*

ከደብተሬ፣ ጥቅምት 27

ሱቅ ቁጭ ብዬ በሦስት ቀን ጨረስሁት። ጥሩ ነው። ይህን መጻፍ ይተናነቀኛል፤ ግን ጥሩ ነው። ጉሙ እንደ እኛው ጉም ከገደሉ ሥር ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ከሰማይ አይወርድም። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ካልተቀመጥህ አያናግሩህም፤ ቆመህ ከቀረብሃቸው ሣሩን ትተው ወደ ገደሉ ይወርዳሉ። አገሩን ያላየ ሰው ይህን አይሠራውም።

አጫጫኑ ግን ሐሰት ነው። ተጫዋቹ አንድ ቁልፍ ሲነካ ሰውዬው ሁለቱንም ጭነት ለብቻው አንሥቶ፣ ለብቻው አሥሮ ይሄዳል። በቅሎ እንዲህ አይጫንም። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ቆሞ እኩል ያነሣሉ፤ መጫኛው በጀርባዋ ላይ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያልፋል፤ ሁለቱም ጉልበታቸውን ጭነቱ ላይ ተክለው ይስባሉ። አንዱ ቢቀድም ጭነቱ ዞሮ ሆዷ ሥር ይገባል፣ በቅሎዋም ትራገጣለች። ከዳባት ወደ ጃናሞራ ስንወርድ፣ ከሳንቃ በር ወደ አምቢኮ ስንሄድ፣ አባቴ የበቅሎዋን አፍ ይይዛል፤ እኔ በቀኝ ነበርሁ፣ ስሜነህ በግራ። ሰባት ዓመት እንዲያ ጭነናል።

ጌሙ ውስጥ አባቴ አለ፤ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ሆኖ መንገድ ያሳያል። በቅሎዋም አለች፤ ግንባሯ ላይ ያለው ነጭ ምልክት እንኳ አልቀረም። ስሜነህም ነጋዴው ሆኖ አለ። እኔ የለሁም።

ባለቤቴ ዝናሽ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትገባ ከኋላዬ ቆማ አየችው።

«ይኼ ሰውዬ እጁ ስንት ነው?» አለች።

«ጌም ነው እኮ።»

«ጌምነቱንማ አየሁት። ብቻውን አይጫንም ብለህ ትነግረዋለህ አይደል?»

«እነግረዋለሁ።»

«ፊትህ ግን እንደሱ አይልም» ብላ ላፕቶፑን ወስዳ ራሷ መጫወት ጀመረች።

*

ደባርቅ፣ ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድኸው ወንድሜ ለስሜነህ፣

በሰው አገር ሞገስ ይስጥህ፤ እጅህ የነካው ሁሉ ይባረክ። እኛ በአምላክ ቸርነት ደኅና ነን። ዝናሽ እጅግ አድርጋ ሰላም ትልሃለች። ላፕቶፑ ሳይጎዳ ደርሷል፤ ብድርህን ይክፈልልኝ። መብራቱና ኔትወርኩ እየሄደ እየመጣ መልሴ ዘገየ።

ጌምህን ጨረስሁት። ጥንካሬው አጭርነቱ ነው። ለገበያ እንደወጣ ሰው ጉዳዩን ፈጽሞ ይመለሳል፤ አያዞርም። ጉሙ ልክ ነው። ጭላዶቹ ልክ ናቸው። ሰው ሳይገደል በንግድ ብቻ መንገድ መከፈቱን ወድጄዋለሁ። ከመናፍስቱ ጋር ስትከራከር መጀመሪያ ዝም ማለት ዋጋ እንዲያወርድ ማድረግህ ሙያ ነው።

ድክመቱን ሳትደብቅ ብለሃል። የጨው ዋጋ ከታችም ከላይም አንድ ነው። እንዲህ ከሆነ ማን በቅሎ ጭኖ ይወጣል? ከፍታው በጨመረ ቁጥር ጨውና በርበሬ መወደድ፣ ገብስ መርከስ አለበት። ገበያውም ቀን የለውም፤ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ድልድዩ ላይ ያለው ዘበኛ አንዲት ቃል ብቻ ይደጋግማል፤ ሦስተኛ ጊዜ ሲላት አሰለቸኝ። መጨረሻው ደግሞ ድንገት ነው፤ በሩ ተከፈተ ሲባል አለቀ። ገበያተኛ ደርሶ ዕቃውን ሳያራግፍ አይመለስም።

ስለ አጫጫኑ ጠይቀኸኝ ነበር። ልክ ነው። እንዳለ ተወው።

በያለህበት የቅዱሳን ጥበቃ ከአንተ ጋር ይሁን።
ወንድምህ ማንያዘዋል

*

ከደብተሬ፣ በዚያው ቀን

መብራት የጠፋው አራት ቀን ነው። የቀረው ሠላሳ ቀን የእኔ ነው።

ሸማች ትልቁን ቀዳዳ እንዳያይ ትንሹን ራሴ አሳየዋለሁ። «ይህቺ ጫፏ ላይ ተተርትራለች፣ አልደብቅህም» ስለው ድንኳኑን ዘርግቶ ሳያይ ይገዛል፤ ታማኝ ሰው ነው ይለኛል። ዛሬ ስሜነህን እንዲያ ነው ያደረግሁት። የጨዉ ዋጋ፣ ዘበኛው፣ መጨረሻው ሁሉ እውነት ነው። እውነቱን ያበዛሁት ለአንዲቷ ሐሰት ነው።

ምን ፈልጌ? አንድ ቀን አንድ የሚያውቅ ሰው አይቶት እንዲስቅበት። ሌላ ምንም አይደለም።

*

ማልሞ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለማንያዘዋል፣

የልደትና የጥምቀት በረከት ይድረሳችሁ። አሸነፍን! ከመቶ አርባ ጌሞች መካከል አንደኛ ወጣን። የጨውን ዋጋ እንዳልኸው ለወጥነው፤ ዳኞቹ ንግዱን እጅግ ወደዱት። ዘበኛውም አሁን ስድስት ዓይነት ነገር ይናገራል። መጨረሻው ላይ ነጋዴው ዕቃውን የሚያራግፍበት ቦታ ጨመርን፤ ያን ሲያይ ያለቀሰ ሰው አለ።

አንድ ሐያሲ የጻፈውን ልንገርህ። «የዚህ አጭር ጌም ትልቁ ጥንካሬ ብቸኝነቱ ነው። ነጋዴው ማንም ሳያግዘው በየጠዋቱ በቅሎውን ሲጭን ተጫዋቹ ዝም ይላል። ከዚያች አገር ሰው ሌላ ይህን ማንም ሊያስበው አይችልም» ይላል። ወንድም ዓለም፣ አንተ ትዝ አልኸኝ። ልክ ነው ባትለኝ ኖሮ ላወጣው ነበር።

ውል የሚፈርም አሳታሚ አግኝተናል። ጸልዩልኝ።
ስሜነህ

*

ከደብተሬ፣ ጥር 29

የሚሳቅበት ነገር የሚመሰገንበት ሆነ። ሰባት ዓመት ሁለት ሰው ያነሣውን አንድ ሰው አነሣው ተብሎ በእንግሊዝኛ ተወደሰ።

ዝናሽ ደብዳቤውን አነበበችና ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ልክ ነው አልኸው?»

ያልተጠቀለለ ገመድ አንሥቼ መጠቅለል ጀመርሁ።

«ማንያዘዋል፣ እኔ የማስተምራቸው የስድስተኛ ክፍል ልጆች እንኳ ሲቀኑ እንዲህ አያሳምሩትም። እርሳስ ነው የሚሰባብሩት፤ ያልቃል።»

«አልቀናሁም።»

«እሺ፤ እንግዲያው ጨጓራህን ታመም።»

*

ደባርቅ፣ የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለስሜነህ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ። ማሸነፍህን ሰምተን ደስ ብሎናል። ዘንድሮ እንግዳው ጥቂት ነው፣ ሥራውም ቀዝቅዟል። ከዚህ ሌላ አዲስ ነገር የለም።
ማንያዘዋል

*

ማልሞ፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለማንያዘዋል፣

ከትንሣኤው ብርሃን ያድርሰን። ደብዳቤህ አጠረብኝ። ታመህ ነው? ወይስ ያስቀየምሁህ ነገር አለ? ካልነገርኸኝ ደግሜ አልጠይቅም።

ውሉን ፈርመናል። ጌሙ ሚያዝያ 15 ለሁሉም ይለቀቃል፤ ለአንተም አዲሱን ልኬልሃለሁ፣ በድሮው ላይ ጫነው። መጨረሻው ላይ የሠሩት ሰዎች ስም ይወጣል። ያንተንም አስገብቻለሁ፤ ሳላማክርህ ነውና ይቅር በለኝ፣ ላስደስትህ ብዬ ነው።

ደግሞ ጋዜጠኞች ስለ ሽማግሌው ማንነት ይጠይቁኛል። የአጎቴ ፎቶ ካለህ ከበቅሎዋ ጋር የተነሣው ቢሆን እጅግ ደስ ይለኛል። እኔ ዘንድ አንድም የለም።
ስሜነህ

*

ከደብተሬ፣ ሚያዝያ 25

ፎቶው አለ። ሱቁ ውስጥ ከሚዛኑ በላይ ተሰቅሏል። ተራራዬን ወሰደ፣ በቅሎዬን ወሰደ፣ አሁን አባቴን ከግድግዳ አውርደህ ላክልኝ አለኝ። መልስ አልሰጠሁም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ገበያ። አያ እንግዳው ከአምቢኮ መጫኛ ሊገዙ መጡ። ከአባቴ ጋር አብረው የጫኑ ሰው ናቸው፤ አሁን ልጆቻቸው ናቸው ወደ ራስ ዳሸን የሚወጣውን ጓዝ የሚጭኑት። ዝናሽ ጥግ ላይ ተቀምጣ አዲሱን ጌም ለሁለተኛ ጊዜ እየጨረሰች ነበር።

«ምንድን ነው እሱ? አገራችንን ይመስላል» አሉ አያ እንግዳው።

«ስሜነህ የሠራው ነው» አለቻቸው። «ኑ እዩት።»

በርጩማ ስቤ ሰጠኋቸው። ጉሙን ሲያዩ «ጉድ!» አሉ። ሽማግሌውን ሲያዩ «ደምለው ነው፤ ነፍሱን ይማር» ብለው አማተቡ። ከዚያ ነጋዴው በቅሎዋን ጫነ።

«ቆይ፣ ቆይ። መልሺው እስቲ።»

መለሰችላቸው። ሳቃቸው ውጭ ድረስ ተሰማ። «ይኼ ሰው ጎረቤት የለውም? ምን ቢበድላቸው ነው አንድ ሰው እንኳ በወዲያ በኩል የማይዝለት? በቅሎዋስ፣ ከደንጊያ ነው የጠረቧት? ስሜነህ ፈረንጅ አገር ሄዶ ጠፋ በሉኛ!»

ይህን ሳቅ ነበር የጠበቅሁት። አምስት ወር ጠብቄዋለሁ። ደስ ሊለኝ ሲጀምር ጌሙ አለቀና ስሞቹ መውጣት ጀመሩ። ዝናሽ ጮክ ብላ አነበበች፤ አውቃ ነው ጮክ ያለችው።

«በቅሎው እንዴት እንደሚጫን ያረጋገጠልን፦ ማንያዘዋል ደምለው፣ ደባርቅ።»

አያ እንግዳው ሳቃቸውን አቆሙ። ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ነህ?»

«አያ እንግዳው፣ ነገሩ እንዲህ ነው…»

«እኮ አንተ ነህ? የደምለው ልጅ ለብቻ ይጫናል ብሎ መሰከረ?»

«መስክሯል» አለች ዝናሽ።

መጫኛውን ባንኮኒው ላይ መልሰው አስቀመጡት። «እንግዲያው መጫኛም ከሚያውቅ ሰው ልግዛ» ብለው ወጡ። እስከ ማታ ድረስ ነገሩ በበቅሎ ጫኞቹ ዘንድ ሁሉ ተዳረሰ። እስከ ዛሬ ገመድ የሚገዙኝ ያወቀ ይሸጥልናል ብለው ነበር።

*

ደባርቅ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለስሜነህ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ምርቃቱን ዛሬ ይቅርታ ካገኘሁ በኋላ ላድርገው።

አጫጫኑ ልክ አይደለም። መጀመሪያ ባየሁት ቀን አውቄያለሁ። በቅሎ በአንድ ሰው አይጫንም። አንተና እኔ ነን የጫንነው፤ አንተ በግራ፣ እኔ በቀኝ። ልክ ነው ያልሁህ ቀንቼ ነው። አባቴን አስገብተህ፣ በቅሎዋን አስገብተህ፣ ራስህን አስገብተህ እኔን አውጥተህ ስላየሁ፣ ይታወቅበት ብዬ ነው። የታወቀው በእኔ ነው። አያ እንግዳው ስሜን ሰምተው ከሱቄ ወጥተዋል።

የምለምንህ አጫጫኑን እንድትለውጠው ነው። ሁለተኛው ሰው እኔን ባይመስል ግድ የለኝም። ስሜንም አውጣው።

አሁን አንድ ነገር ንገረኝ። አውቀህ ነው የተውኸኝ?
ማንያዘዋል

*

ማልሞ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማንያዘዋል ደምለው፣

ሰላም ለአንተና ለዝናሽ። ለመመለስ አርባ ሰባት ቀን ፈጀብኝ፤ ቆጥሬዋለሁ። እዚህ መብራት አይጠፋም፤ ስለዚህ ሰበብ የለኝም።

አውቄ አልተውሁህም። ረስቼ ነው። ይህ ይብስ እንደሆነ አንተ ፍረድ። ወደ ኋላ ሳስብ አጎቴን አያለሁ፤ በቅሎዋን አያለሁ፤ የራሴን እጅ መጫኛው ላይ አያለሁ። ከበቅሎዋ ወዲያ ያለው አይታየኝም፤ ጀርባዋ ይጋርደዋል። የሆነ ነገር እንደ ጎደለ ተሰምቶኝ ነበር። ለዚያ ነው ከሌላው ሁሉ ለይቼ አጫጫኑን የጠየቅሁህ። ከአንተ በቀር የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።

ልክ ነው ስትለኝ አመንሁህ። ከዚያ ወዲህ ለጠየቀኝ ጋዜጠኛ ሁሉ አገሬ እንዲህ ነው ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርሁ።

ባልደረቦቼን ለመንኋቸው፤ እንቢ አሉ። ሰው የወደደው ብቸኝነቱን ነው፣ ውሉ ተፈርሟል፣ እንደገና መሣል ወራት ይፈጃል አሉኝ። ሦስት ነን፤ ሁለት ለአንድ ተሸነፍሁ። እስከ ትናንት ዐሥራ አንድ ሺህ ሰው ገዝቶታል። ዐሥራ አንድ ሺህ ሰው በቅሎ ለብቻ ይጫናል ብሎ ያምናል። ስምህን ግን ማስወጣት ችያለሁ።

መስከረም ላይ ልመጣ ትኬት ይዤ ነበር፤ ላስደንቃችሁ ብዬ ነው ያልነገርኋችሁ። አሁን ልምጣ ልቅር አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። የምትቀናብኝ ከጌሙ ወዲህ ነው ወይስ ድሮም?
ስሜነህ

*

ደባርቅ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለስሜነህ፣

የአብርሃምን ቤት የጎበኘ አምላክ ቤትህን ይጎብኝልኝ። ክረምቱ ገብቷል፤ ከሱቁ ደጃፍ ተራራው አይታይም።

ረሳሁህ ያልኸኝን ብዙ ቀን አሰብሁበት። አውቄ ነው ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ግን አመንሁህ፤ እኔም ያንተን ፊት እንጂ እጅህን አላስታውሰውም።

ጌሙ በሚሸጥበት ገጽ ላይ በአማርኛ አስተያየት ጽፌያለሁ፤ ዝናሽ አርማዋለች። አጭር መሆኑን፣ ጉሙን፣ ጭላዶቹን፣ ንግዱን አመስግኛለሁ፤ የተሻሻለውንም መጨረሻ ወድጄዋለሁ። ድክመቱ ላይ ስደርስ በቅሎ በሁለት ሰው እንደሚጫን ጽፌ፣ የተሳሳተውን ልክ ነው ብዬ ያረጋገጥሁት እኔ መሆኔንና ስሜንም አስፍሬያለሁ። አንባቢ አያገኝ ይሆናል። አያ እንግዳው ግን ልጃቸው አንብቦላቸው ትናንት ሱቄ መጥተው ነበር። «ፈረንጆቹን ከዋሸህ በኋላ አማርኛ ለሚያነብ ትናዘዛለህ?» ብለው ተቆጡኝ። መጫኛ ግን ገዙ።

ለጥያቄህ፣ ድሮም ነው። አንተ የትምህርት ዕድሉን አግኝተህ ስትሄድ አባቴ ዳባትን ዞሮ ለሁሉም ተናገረ። እኔ በማግሥቱ ብቻዬን ቀረሁ፤ እሱም በግራ በኩል የሚይዝልኝ ሰው በቀን ሥራ ቀጠረልኝ። ስለ አንተ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ስለ እኔ ሳይጠይቀኝ ያልፋል። ደብዳቤህ ሲመጣ እንኳን ደኅና ሆነ እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ደኅንነትህ ያስከፋኛል። ሁለቱም እውነት ነው።

አንድ የደበቅሁህ ነገር አለ፤ ከአጫጫኑ የሚበልጥ። አባቴ ያረፈ ለት በስልክ ስነግርህ በሰላም አለፈ፣ ምንም አልተናገረም አልሁህ። ተናግሯል። ከሰዓት በኋላ ነበር። ውሃ በማንኪያ እየሰጠሁት ሳለ ዓይኑን ገልጦ አየኝና «ስሜነህ፣ መጣህ?» አለኝ። እኔ መሆኔን ልነግረው ነበር። ፊቱ ላይ ያለውን ደስታ ሳይ ተውሁት። «አዎ፣ መጣሁ» አልሁት። እጄን ይዞ አረፈ።

ስድስት ዓመት ይህን ነገር ለማንም አልነገርሁም፤ ለዝናሽም። ላንተ ያልነገርሁህ ደስ እንዳይልህ ነው። የመጨረሻ ቃሉ ያንተ ነውና ውሰደው።

ና። መኪናው ከጎንደር በጠዋት ይወጣል፤ ዳባት ላይ ሳልጠብቅህ አልቀርም። ፎቶውን ከግድግዳው ላይ ራስህ ታወርደዋለህ። አሁንም እቀናብሃለሁ፤ ስትመጣም ሳይለቀኝ ይቆይ ይሆናል። ይህን እያወቅህ ና።

ወንድምህ ማንያዘዋል